በድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ የቴሌቪዥን ድራማዎች ውስጥ የፊልም ኑዋርን ጥላ እንዴት እናገኛለን? ዝርዝር መመሪያ

በ1940ዎቹ ሆሊዉድ ውስጥ አንድ ዓይነት ፊልም በዛ። ሌሊት ነው። አስፋልቱ ረጥቧል። የሰውየው ግማሽ ፊት ጨለማ ውስጥ ነው። አንዴ ተሳስቷል፤ አሁን መውጫ የለውም። የፈረንሳይ ሐያስያን በ1946 ይህን ዓይነቱን ሥራ ፊልም ኑዋር ብለው ጠሩት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የኑዋር ዘመን በ1950ዎቹ መጨረሻ አከተመ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ኑዋር ከሲኒማ ቤት ወጥቶ የሰው ሳሎን ገባ። መብራት የሚያበሩት፣ ካሜራ የሚይዙት፣ ሙዚቃ የሚጽፉት፣ ዳይሬክት የሚያደርጉት ሰዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። በተለይ የተመቻቸው አንቶሎጂ ድራማ ነበር። አንቶሎጂ ማለት በየሳምንቱ ታሪኩም ተዋናዩም አዲስ የሚሆንበት ፕሮግራም ነው። የማይቀየረው አቅራቢው ብቻ ነው።

ለምን አንቶሎጂ? በተለመደው ተከታታይ ድራማ ዋናው ገጸ ባሕርይ ለሚቀጥለው ሳምንት ስለሚፈለግ መትረፍ አለበት። ተመልካቹም ይህን ያውቃል። በአንቶሎጂ ግን ማንም የመትረፍ ዋስትና የለውም። መጥፊያው አስቀድሞ ለተቆረጠለት ሰው ታሪክ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በዚህ መመሪያ በሦስት ፕሮግራሞች ላይ አተኩራለሁ። እነሱም «አልፍሬድ ሂችኮክ ፕሬዘንትስ» (1955–1962)፣ «ዘ ትዋይላይት ዞን» (1959–1964) እና «ዚ አውተር ሊሚትስ» (1963–1965) ናቸው። የክፍሎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጠራሩ የማስቀምጠው ፈልጋችሁ እንድታገኟቸው ነው። መጨረሻቸውን አልነግራችሁም። እነዚህ ድራማዎች መጨረሻቸው ሲነገር ብዙ ያጣሉ።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑን አዘጋጁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የዛሬ ቴሌቪዥን ከሳጥኑ ሲወጣ የተስተካከለው ለኳስና ለማስታወቂያ ነው። ለጥላ አይሆንም።

በመጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ እዩ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተቀረጹት ለ4 በ3 ስክሪን ነው። በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ከታየ ትክክል ነው፤ ተዉት። ምስሉን ብትለጥጡት ፊት ይሰፋል፣ ዳይሬክተሩ ያሰላው ሚዛን ይፈርሳል። አጉልታችሁ ስክሪኑን ብትሞሉት ደግሞ የላይና የታች ክፍሉ ይቆረጣል።

ቀጥሎ ወደ ሴቲንግ ግቡ። «ቪቪድ» የሚለውን ትታችሁ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ምረጡ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አጥፉ። ብርሃኑን በየትዕይንቱ እየቀያየረ የሚያስተካክለውንም አጥፉ፤ ጥላን በዋናነት የሚገድለው እሱ ነው። ከዚያ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ የቆመበትን ምስል ፈልጋችሁ ፖዝ አድርጉ። ኮቱ ከግድግዳው በመጠኑ እስኪለይ ድረስ ብርሃኑን ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ጥቁሩ አመድ ከመሰለ አብዝታችኋል። ኮቱ ከግድግዳው ጋር አንድ ጉብታ ከሆነ አሳንሳችኋል።

የክፍሉን መብራት አጥፉ። ቀለም የተቀባባቸውን ቅጂዎች አትንኩ። የብርሃንና የጥላውን ልክ ያዛባሉ፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ከተቻለ ከዋናው ፊልም በጥራት የተገለበጠ ቅጂ ፈልጉ። አሥር ጊዜ የተባዛ ቪዲዮ ላይ ጨለማው ሁሉ አንድ ጥቀርሻ ነው፤ ምንም አይነበብም።

ደረጃ 2፦ በጥቂት ክፍሎች ጀምሩ

«ዘ ትዋይላይት ዞን» ብቻውን 156 ክፍል አለው። ሁሉም ኑዋር አይደለም፤ ኮሜዲም፣ የካውቦይ ታሪክም፣ የልጅነት ናፍቆትም አለበት። ከእሱ «ሚረር ኢሜጅ»፣ «ዘ ፎር ኦፍ አስ አር ዳይንግ»፣ «ዘ ሂችሃይከር»፣ «ዘ ሲክስቲን ሚሊሜትር ሽራይን» እና «አይ ኦፍ ዘ ቢሆልደር»ን ያዙ። ከሂችኮክ «ብሬክዳውን» ይበቃል። ከ«ዚ አውተር ሊሚትስ» «ዘ ቤሌሮ ሺልድ» እና «ዲመን ዊዝ ኤ ግላስ ሃንድ»። አንድ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው «ሚረር ኢሜጅ»ን ይይ።

ደረጃ 3፦ ድምፁን አጥፍታችሁ ብርሃኑን ተከተሉ

መጀመሪያ ክፍሉን እንደማንኛውም ተመልካች በሙሉ እዩት። ተደሰቱበት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ድምፁን አጥፉ። አሁን የምትከታተሉት ብርሃኑን ብቻ ነው። ሦስት ጥያቄ ያዙ።

የመጀመሪያው፦ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? በዚያን ጊዜ በተለመደው አሠራር አንድ ዋና መብራት ፊትን ያበራል፤ ሌላ ለስላሳ መብራት ከወዲያ በኩል ጥላውን ያለሳልሰዋል፤ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። ኑዋር ሁለተኛውን ያጠፋዋል ወይም በጣም ይቀንሰዋል። ስለዚህ የፊቱ አንድ ጎን ይጠፋል። የተዋናዩን አፍንጫ እዩ። የአፍንጫው ጥላ ጠርዙ የተሳለና ጥቁር ከሆነ ከወዲያ በኩል የሚያለሰልሰው መብራት የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ ጨለማው ምን ደበቀ? ከእነዚህ ድራማዎች የግማሽ ሰዓቶቹ የሚቀረጹት በሦስት ቀን ገደማ ነበር። ገንዘብ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከሌላ ፊልም የተረፈ ሊሆን ይችላል። ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ ከመገንባት አንድ ወንበር፣ አንድ የትኬት መስኮትና አንድ በር አብርቶ ሌላውን ለጨለማ መተው ይቀላል። በ1940ዎቹ ብዙ ርካሽ የኑዋር ፊልሞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እጥረት ዘዴን ወለደ፤ ዘዴው ውበት ሆነ። ይህን ሳስብ ለእነዚያ የመብራት ሠራተኞች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፦ ጥላው ለታሪኩ ምን ይሠራል? ኮፍያ፣ ሲጋራና ዝናብ ማንም ሊያመጣ ይችላል። እውነተኛው ፈተና ጥላውን ብታነሱት ታሪኩ ይቆማል ወይስ ይወድቃል የሚለው ነው።

«አይ ኦፍ ዘ ቢሆልደር»ን (1960) ውሰዱ። አንዲት ሴት ሆስፒታል ተኝታለች። ፊቷ በሙሉ በፋሻ ተጠቅሏል። ፋሻው እስኪፈታ ትጠብቃለች። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ዙሪያዋን ይመላለሳሉ፤ ፊታቸውን ግን አናየውም። አንዱ ጥላ ውስጥ ይቆማል፣ ሌላዋ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ሌላው በበራ መስኮት ፊት ጥቁር ምስል ሆኖ ያልፋል። ዳይሬክተሩ ዳግላስ ሄይስ ነው፤ ካሜራው የጆርጅ ክሌመንስ። ተመልካቹ ለረጅም ጊዜ ፊት አለማየቱን ልብ አይልም። ለምን? ኑዋር ለዓመታት ስላለማመደው ነው። ጥላ ያጠላበት ፊት ሲያይ «ስታይል ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ባለሙያዎች ይህን ልምድ አውቀው ተጠቀሙበት። በሙሉ ብርሃን ቢቀረጽ ታሪኩ በመጀመሪያው ደቂቃ ያልቅ ነበር። ክሌመንስ በ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ሥራው በ1961 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ሲያንሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ፍሬሙን እንደ ወጥመድ አንብቡ

ፖዝ እያደረጋችሁ ሰውየውን የከበበውን ነገር ቁጠሩ፦ የበር ፍሬም፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የመስኮት ብረት፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ። በኑዋር ሰው እስር ቤት ሳይገባም እስረኛ ነው፤ ካሜራው አስቀድሞ አስሮታል።

መስታወት ስታዩ ደግሞ ቁሙ። በ«ሚረር ኢሜጅ» (1960) ቬራ ማይልስ የምትጫወታት ወጣት በዝናባማ የኅዳር ሌሊት አውቶቡስ ትጠብቃለች። የትኬት ሠራተኛው ደጋግማ እንደጠየቀችው ይነግራታል፤ እሷ ግን የጠየቀችው ገና አሁን ነው። መጸዳጃ ክፍል ገብታ መስታወቱን ስታይ፣ በተከፈተው በር በኩል ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሌላ ሴት ትታያታለች። ሴትዮዋ ራሷ ናት። በኑዋር መስታወት የሁለት ልብ ምልክት ነበር፤ የሚዋሽ ሰው፣ የሚከዳ ሰው እዚያ ይታያል። እዚህ ምልክቱ ሥጋ ለብሶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ቴሌቪዥኑ ከኑዋር ወርሶ የራሱን የጨመረበትን ቦታ አሳዩኝ ብትሉኝ የማሳያችሁ ይህንን ትዕይንት ነው።

ቦታውንም እዩ። «ዲመን ዊዝ ኤ ግላስ ሃንድ» (1964) የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ መሃል ባለው ብራድበሪ ሕንፃ ነው። በ1893 የተሠራ ነው፤ የብረት ደረጃዎች፣ ክፍት ሊፍቶችና የመስታወት ጣሪያ አለው። «ዲ.ኦ.ኤ.» የተባለው የ1950 የኑዋር ፊልም ተመርዞ ሊሞት ሰዓታት የቀሩትን ሰውዬ ወደ ፍጻሜው የወሰደው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከ14 ዓመት በኋላ ቴሌቪዥኑ ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ሰው እዚያው ደረጃ ላይ አሳደደ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ተከታትላችሁ ብታዩ ታሪኩ ከምድር ወደ ሕዋ ቢሄድም የብረት መደገፊያው ጥላ ያው እንደሆነ ታያላችሁ።

ደረጃ 5፦ አሁን ምስሉን ትታችሁ አዳምጡ

ጀርባችሁን ለስክሪኑ ስጡ ወይም ዓይናችሁን ጨፍኑ።

በኑዋር ተበዳዩ ወይም ጥፋተኛው ራሱ ታሪኩን በድምፁ ይተርካል፤ ብዙ ጊዜም ከረፈደ በኋላ። ይህ ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን የመጣው በሁለት መንገድ ነው፦ አንዱ በፊልሞቹ፣ ሌላው በሬዲዮ ድራማ። «ዘ ሂችሃይከር» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሉሲል ፍሌቸር የጻፈችው የሬዲዮ ድራማ ነበር፤ በ1941 ኦርሰን ዌልስ ተጫውቶታል። የ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ፈጣሪ ሮድ ሰርሊንግ በ1960 ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጀው ሾፌሩን ሴት አደረጋት። ኢንገር ስቲቨንስ ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ብቻዋን ትነዳለች፤ አንድ ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ሐሳቧን የምንሰማው በራሷ ድምፅ ነው። ድምፁን ብቻ ስትሰሙ ሬዲዮው ቁልጭ ብሎ ይመጣል።

«ብሬክዳውን» (1955) ከዚህም ይሄዳል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ራሱ ነው። ጆሴፍ ኮተን የሚጫወተው ነጋዴ ልቡ ደንዳና ነው። የመኪና አደጋ ይደርስበትና ሰውነቱ ይደርቃል። ሰዎች ሞቷል ብለው ያስባሉ። እኛ ግን ውስጡ ሲጮህ እንሰማለን። ምስሉ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ ድራማው በሙሉ በድምፁ ውስጥ ነው።

ለሙዚቃውም ጆሮ ስጡ። በ«ዘ ፎር ኦፍ አስ አር ዳይንግ» የጄሪ ጎልድስሚዝ ጃዝ ከኒዮን መብራቶቹ ጋር አብሮ ይበራና ይጠፋል። ፊቱን እንደፈለገ የሚቀይር አጭበርባሪ ከተማ ገብቶ የሌሎችን ሰዎች ሕይወት ይሰርቃል፤ የሚሰርቀው ግን ዕዳቸውንም ጭምር ነው።

ደረጃ 6፦ የባለሙያዎቹን ስም አንብቡ

መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች አትዝለሉ። የኑዋር ዝምድና በግልጽ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት የምትፈልጉት ስም ጆን ብራም ይሁን። በ1893 ሃምቡርግ ተወለደ፤ ናዚዎች ሲመጡ ከጀርመን ወጣ። በ1940ዎቹ ሆሊዉድ ውስጥ «ዘ ሎጀር»፣ «ሃንጎቨር ስኩዌር» እና «ዘ ሎኬት» የተባሉ በጨለማ የተሞሉ ፊልሞችን ሠራ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን ገባ። «ሚረር ኢሜጅ» የእሱ ነው። «ዘ ፎር ኦፍ አስ አር ዳይንግ»ም የእሱ ነው። «ዘ ቤሌሮ ሺልድ»ም። ብዙ ሰው የሰርሊንግን ስም ያውቃል፤ ይገባዋልም። ግን የጀርመን ስቱዲዮዎችን ጥላ በአሜሪካ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያሳረፈው እንደ ብራም ያለ ሰው ነው። ስሙ አለመነሳቱ ሁሌም ይከነክነኛል።

አይዳ ሉፒኖን ደግሞ ተከተሉ። በ1953 ራሷ ኑዋር ፊልም ዳይሬክት አድርጋለች። ስሙ «ዘ ሂች-ሃይከር» ነው፤ ከላይ ካነሳሁት ክፍል ጋር አይገናኝም። በ1959 «ዘ ሲክስቲን ሚሊሜትር ሽራይን» ላይ የድሮ ፊልሞቿን በጨለማ ክፍል እያየች የምትኖር ያረጀች ተዋናይት ሆና ተጫወተች። በ1964 «ዘ ማስክስ» የተባለውን የ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ክፍል ዳይሬክት አደረገች። በዚያ ፕሮግራም ዳይሬክት ያደረገች ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት።

ያረጀችው ተዋናይት «ሰንሴት ቡልቫርድ»ን ካስታወሰቻችሁ ትክክል ናችሁ። የዚያን የ1950 ፊልም ሙዚቃ ጽፎ ኦስካር ያገኘው ፍራንዝ ዋክስማን ለዚህ ክፍልም ሙዚቃውን ጽፏል። ዝምድናውን የደበቀ የለም።

መንገዱ ወደ ኋላም ይሠራል። ሂችኮክ «ሳይኮ»ን በ1960 ሲሠራ የቴሌቪዥን ቡድኑን ይዞ ሄደ፤ ካሜራውን የያዘው የፕሮግራሙ ጆን ራስል ነው። የ«ሳይኮ» ስክሪፕት ጸሐፊ ጆሴፍ ስቴፋኖ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን መጥቶ የ«ዚ አውተር ሊሚትስ»ን የመጀመሪያ ዙር ፕሮዲዩስ አደረገ። እዚያ ካሜራ ከያዙት አንዱ ኮንራድ ሆል ነው፤ ኋላ ሦስት ኦስካር የወሰደው። «ዘ ቤሌሮ ሺልድ» ላይ የሆል ካሜራና የብራም ዳይሬክቲንግ ይገናኛሉ። ሳሊ ኬለርማን የምትጫወታት ሥልጣን ወዳድ ሚስት የኑዋር ክፉ ሴት ናት፤ አብሯት ያለው ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው።

ደረጃ 7፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ

በኑዋር ፊልም ጥፋተኛ ሳይቀጣ አይቀርም። የሆሊዉድ የሞራል ደንብ ያስገድድ ነበር። በቴሌቪዥን ላይ ያለው ጫና ደግሞ ከስፖንሰርና ከጣቢያው ይመጣል። ሂችኮክ ለዚህ መላ አበጀ። ድራማው ነፍሰ ገዳዩ እንዳመለጠ ያበቃል፤ ከዚያ ሂችኮክ ብቅ ብሎ «በኋላ ተይዟል» የሚል ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ስለዚህ ድራማውና የእሱ ንግግር የሚለያዩበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እውነተኛው መጨረሻ የቱ እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል።

«ዘ ትዋይላይት ዞን» ሌላ መንገድ ያዘ። ቅጣቱን ይዞ ወንጀሉን አስወገደው። በ«ሚረር ኢሜጅ» ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። ግን እንደ ተፈላጊ ሰው ትፈራለች፣ ትጠረጠራለች። «ሻዶው ፕሌይ» (1961) ላይ ሞት የተፈረደበት ሰው ይህ ሁሉ በየሌሊቱ የሚደጋገም ሕልሜ ነው ይላል፤ የመግደያው የኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ እናንተም ትጠፋላችሁ ይላቸዋል። ፍርሃቱ የኑዋር ነው፤ ምክንያቱ ግን ከወንጀል ወጥቷል። ለእኔ የእነዚህ ድራማዎች ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ ፊልሙን ከቪዲዮቴፑ ጋር አነጻጽሩ

«ዘ ትዋይላይት ዞን» በሁለተኛው ዙሩ ወጪ ለመቀነስ ስድስት ክፍሎችን በቪዲዮቴፕ ቀረጸ። አንዱ «ዘ ሌትነስ ኦፍ ዚ አወር» ነው። ዋና ተዋናይዋ ኢንገር ስቲቨንስ ናት፤ ያቺው የ«ዘ ሂችሃይከር» ሾፌር። በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት አልሞላም።

ተከታትላችሁ እዩአቸው። በቪዲዮቴፕ ብዙ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ መብራቱ ለሁሉም ማገልገል አለበት። ስለዚህ ብርሃኑ በየቦታው ይረጫል፤ ጥቁሩ ይሳሳል፤ ክፍሉ ቲያትር መድረክ ይመስላል። ታሪኩ መጥፎ አይደለም። ያው ተዋናይት፣ ያው ፕሮግራም ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥላው ምን ያህል ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚገባችሁ ሲጠፋ ነው።

ደረጃ 9፦ አንድ ፍሬም ራሳችሁ ሥሩ

አጭር ፊልም ለምትሠሩ ይህን እመክራለሁ። አንድ አምፖል፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ስልክ ይበቃል።

ሰውየውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፤ ከተጠጋ የራሱ ጥላ ከኋላው ይጨናነቃል። አምፖሉን ከጎኑ፣ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሌላውን መብራት በሙሉ አጥፉ። ካርቶኑ ላይ አግድም ቀጫጭን ክፍተቶች ቁረጡና በአምፖሉና በሰውየው መካከል ያዙት። ካርቶኑን ወደ ሰውየው ስታስጠጉ የጥላው መስመር ይሳላል፤ ወደ አምፖሉ ስትመልሱት ይደበዝዛል። አምፖሉ ባነሰ ቁጥር መስመሩ ይጠራል።

የስልኩን ካሜራ ጥቁርና ነጭ አድርጉ። የበራውን ጉንጭ ተጭናችሁ ያዙና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ በጣታችሁ ዝቅ አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ ስልኩ ጨለማውን «ለማዳን» ብሎ ሁሉንም አመድ ያደርገዋል።

አሁን ለሰውየው አንድ ውሳኔ ስጡት፦ ደብዳቤውን ይከፍታል ወይስ ያቃጥላል? ሲወስን አንድ እርምጃ ይሂድ። እርምጃው ከብርሃን ወደ ጥላ ይሁን ወይስ ከጥላ ወደ ብርሃን? ሁለቱንም ቅረጹና አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ታሪኩ በየትኛው እንደተቀየረ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ጠይቁ።